አርበኛም ባንዳም ያልነበሩት የት ይመዝገቡ?

ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ የአዲስ አበባን ታሪክና ቅርስ እንድትጠብቁ አደራ ለተሰጣችሁ ሁሉ
ግልባጭ፦ ለታሪክ መማሪያ መጽሐፍ አዘጋጆች፣ ለሥራ ባልደረቦቼ ለታሪክ መምህራን
ጉዳዩ፦ በጠላት ጊዜ ስለኖረው ተራ ሰው

ክቡራን ሆይ፣

ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ሳስተምር 26 ዓመት ሆኖኛል። በዚህ ሁሉ ዘመን ብዙ ተጠይቄያለሁ፤ እንደ ባለፈው የካቲት ግን አፌን ይዤ አላውቅም። ስለ ሰማዕታት ቀን አስተምሬ ጠመኔውን ሳራግፍ ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «መምህር፣ የእርስዎ ቤተሰብ አርበኛ ነበር ወይስ ባንዳ?»

ክፍሉ ሳቀ። «ጠላ ሻጮች ነበሩ» አልኩና ወጣሁ። ቀልድ መስሏቸው እንደገና ሳቁ። እኔ ግን የተናገርኩት እውነቴን ነበር።

አያቴን እማማ ነበር የምንላት። ጣሊያን ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ 15 ዓመቷ ነበር። ከእናቷ ጋር ከአራዳ ጊዮርጊስ ቁልቁል በነበረች የሣር ክዳን ቤት ጠላ እየጠመቁ ይሸጣሉ። ጠላት ከመግባቱ በፊት ለሰፈሩ ሰው ሸጡ፤ ከገባ በኋላ ለጣሊያን ጥቁር ወታደር ለአስካሪውም፣ ለመንገድ ሠራተኛውም፣ ደጁን ረግጦ ለገባ ሁሉ ሸጡ። ዱር አልወጡም፤ ሰው አሳልፈው አልሰጡም። የውስጥ አርበኛ ነበሩ ብዬ ደረቴን እንድነፋም ማስረጃ የለኝም፤ እማማም እንዲህ ብላ አታውቅም። አምስቱን ዓመት እየፈሩ፣ እየሸጡ፣ እየደበቁና እየተሳሳቱ ኖሩት።

የማስተምርበት መጽሐፍ ለእነዚህ ሁለት ሴቶች ቦታ የለውም። የአርበኛው ምዕራፍ አለ፣ የባንዳው ስድብ አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ሕዝብ፣ በቁጥር ከሁለቱም እጅግ የሚበልጠው፣ «ሕዝቡም ተሰቃየ» በምትል አንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል። የምጽፍላችሁ በዚህች ዓረፍተ ነገር ምክንያት ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ መጀመሪያው ራሱ በየመድረኩ የማይነገር ነውና። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ከከተማዋ ወጡ፤ ጣሊያን የገባው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። በእነዚያ ቀናት አዲስ አበባ መንግሥት የሚባል አልነበራትም። ሱቅ ተሰበረ፣ ቤት ነደደ፣ ሰው ተገደለ። የውጭ አገር ሰዎች ወደየለጋሲዮኑ (ወደየኤምባሲው)፣ ብዙዎቹም ወደ እንግሊዝ ለጋሲዮን ግቢ ሸሹ። ድሃው የሚሸሽበት ለጋሲዮን አልነበረውም። የእማማ እናት ጌሾና ብቅሉን ጓሮ ጉድጓድ ቆፍራ ቀበረች፤ በሩን በወፍጮ ድንጋይ ደገፈች፤ ሦስት ቀን ውሃ እንኳ ለመቅዳት አልወጣችም። በአራተኛው ቀን የጠላት መኪኖች ድምፅ ሲሰማ «እፎይ» አለች።

ይህችን «እፎይ» እማማ የነገረችኝ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያውም ጎልማሳ ከሆንኩ በኋላ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። እናቷ እስክትሞት ስታፍርባት ኖራለች። እኔ ግን ለተማሪዎቼ ማስተማር የምፈልገው ይህችኑ ነው። ወራሪ ሲገባ አገር ሁሉ በአንድ ድምፅ አላለቀሰም። የፈራ ነበር፣ የዘረፈ ነበር፣ የደነገጠ ነበር፣ ለጊዜው የተነፈሰም ነበር። እፎይታው ምን ያህል አጭር እንደነበረ የሚገባን ደግሞ መኖሩን ስናምን ነው። ሦስት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሐምሌ 22፣ አቡነ ጴጥሮስ በአደባባይ ተረሸኑ።

ከዚያ ኑሮ ቀጠለ። ስለ አምስቱ ዓመት ሳነብ የሚያጓጓኝ ይኸው ክፍል ነው፤ ተማሪ ሳለሁ ግን ማንም ጠቅሶልኝ አያውቅም።

ገንዘቡን እንውሰድ። አገሬው የሚያምነው በጠገራ ብር፣ በማርትሬዛው ነበር። ጣሊያን ሊሬ አመጣ። ወረቀት! ጠላ ሻጯ በጥርሷ ነክሳ የማትፈትነው፣ በድንጋይ ላይ ጥላ ድምፁን የማትሰማው ገንዘብ። የገጠር ሰው እህሉን ጭኖ መጥቶ ወረቀት ሲያሳዩት መልሶ ይጭን ነበር። ወራሪውም ይህን አስቀድሞ ስላወቀ ጦርነቱ ሲጀመር አካባቢ ማርትሬዛን ራሱ ሮማ ላይ ማስቀረጽ ጀምሮ ነበር፤ የምናምነውን ብር እየሠራ ሊገዛን። በኋላ ሊሬውን በግድ አስያዙ፤ ብር የያዘ ሰው ግን ቀበረው። እማማ ስትነግረን ጠላ ቤታቸው ሁለት ዋጋ ነበረው። በብር ለሚከፍል ቅሉ ሙሉ፣ በወረቀት ለሚከፍል ጎደል። ለዚህ ምን ስም እንደምትሰጡት አላውቅም። አርበኝነት ማለት ይከብደኛል፤ ባንዳነት ነው የሚለኝ ሰው ካለ ደግሞ እጣላዋለሁ።

ሰላምታውም ነበረ። ነጭ ሹም ሲያልፍ ቆሞ ክንድን ወደፊት መዘርጋት፤ የሮማ ሰላምታ። ወንዱ ከጋቢው ውስጥ እጁን እስኪያወጣ ሰውዬው ያልፋል፤ አንዳንዱም ይኼኑ ሰበብ አድርጎ በብርድም በፀሐይም ጋቢ ተከናንቦ ይውላል። ጋዜጣውም ነበረ፤ «የቄሣር መንግሥት መልእክተኛ» የሚባል፣ በራሳችን ፊደል፣ በራሳችን አማርኛ የሚታተም። በገዛ ቋንቋ «አሁን ደስ ብሏችኋል» እየተባሉ ማንበብ ምን እንደሚመስል ያነበቡት ያውቁታል። እማማ ፊደል አልቆጠረችም። ጋዜጣው የደረሳት የበርበሬ መጠቅለያ ሆኖ ነው።

ገበያውም ሄደ። የአዲስ አበባ ገበያ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ወራሪው ከተማዋን ለሁለት ሊከፍላት ፈለገ፤ መሐሉን ለነጭ፣ ዳሩን ለአገሬው። ስለዚህ «የአገሬው ገበያ» ተብሎ ወደ ምዕራብ ተወሰደ። መርካቶ የምንለው ያ ነው፤ ቃሉ ራሱ በጣሊያንኛ ገበያ ማለት ነው። ካዛንቺስም የእነሱ የመንግሥት ሠራተኞች የቤት ድርጅት ለሠራተኞቹ የሠራቸው ቤቶች ስም ነው። ፖፖላሬም፣ ፒያሳም እንዲሁ። በየቀኑ «መርካቶ! መርካቶ!» ብሎ የሚጣራ የታክሲ ረዳት እንዲለያዩ በታሰቡ ሁለት ከተሞች መካከል እንደሚመላለስ ያውቃል? እኔ ስሞቹ ይቀየሩ አልልም፤ መርካቶን መርካቶ ያደረጋት ነጋዴው እንጂ ጣሊያን አይደለም። ግን በዚያ ሁሉ ሰፈር ውስጥ ስሙ ከየት እንደመጣ፣ ማን ከየት ተነስቶ ወደየት እንደተገፋ የሚናገር አንዲት ሰሌዳ እስካሁን አላየሁም። የእማማ እናት ደንበኛዋ ገበያውን ተከትሎ ሲሄድባት እንስራዋን ተሸክማ ተከተለችው። አንድ ቤተሰብ ከአራዳ ወጥቶ የአዲስ ከተማ ሰው የሆነው እንዲህ ነው።

አሁን ደግሞ አብዛኛው ሰው ሊሰማው ወደማይፈልገው ልምጣ። ሴቶቹ።

ጣሊያን ወንድ ሲመጣ ሚስቱን ይዞ አልመጣም፤ በአብዛኛው። ስለዚህ ከአገሬው ሴት ጋር መኖር ተለመደ። አንዷ በፍቅር ገባች፣ ሌላዋ በችግር፣ ሌላዋ ተገዳ፤ አንዳንዷም የቱ እንደሆነ ለራሷም ሳይገባት። የሮማ መንግሥት ይህን ሲያይ ደነገጠ። ሚያዝያ 1929 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ከተገዥ ሴት ጋር እንደ ባልና ሚስት የኖረ ጣሊያናዊ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት እስራት ተደነገገበት። ለጆሮ ሴቲቱን የሚጠብቅ ሕግ ይመስላል። የሆነው ተቃራኒው ነው፤ የተቀጣው ፍቅር እንጂ ገረድነት አልነበረምና ሚስት የነበረችው በማግሥቱ «ሠራተኛዬ ናት» ተባለች። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1932 ዓ.ም.፣ ሌላ ሕግ መጣ። ከጣሊያናዊ የተወለደ ክልስ ልጅ በአባቱ ስም እንዳይጠራ፣ የአባቱም አገር ዜጋ እንዳይሆን ከለከለ።

ልጆቹ ግን ተወልደው ነበር። እኛ ሰፈር አንዲት እናት ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና። ልጃቸው ፀጉሩ ዞማ፣ ስሙ ክርስትና ስም፣ የአባት ስሙ የአያቱ፣ የእናቱ አባት ስም። ጠላት ከወጣ ከዓመታት በኋላ የሰፈር ልጅ ሲጣላው የሚጠራውን ስድብ አልጽፈውም፤ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ንጉሠ ነገሥቱ በ1933 ሲመለሱ ክፉን በክፉ እንዳትመልሱ ብለው አወጁ፤ ጣሊያናዊው መካኒክና ግንበኛም እዚሁ ቀርቶ ጋራዥ ከፈተ፣ ተከበረ፤ ዛሬም ድረስ የመኪናን ዕቃ የምንጠራው በእርሱ ቋንቋ ነው። የእኚያ እናት ልጅ ግን ምሕረቱ አልደረሰውም። ታሪክ የሚባለው ይህንን ካልጨመረ እኔ ምን አስተምራለሁ?

ስለ የካቲት 12 ብዙ ተብሏል፤ ገና ያልተባለው ግን ይበዛል።

ዓመቱ 1929፣ ቀኑ ዓርብ ነበር። እማማ አንድም ቀን «የካቲት 12» ብላ አታውቅም፤ «የዚያን ዓርብ» ነው የምትለው። የጣሊያኑ ገዥ ግራዚያኒ የልዑላቸውን መወለድ ምክንያት አድርጎ ለድሆች ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት፣ ዛሬ የስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ግቢ፣ ሕዝቡን ሰበሰበ። ለአንድ ሰው ሁለት ብር ይሰጣል ተብሎ ወሬው በከተማዋ ተነዛ። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ሲወረውሩ በግቢው የነበረው ሰው ማን እንደነበረ አስቡት። ሽማግሌ፣ አካል ጉዳተኛ፣ ዓይነ ስውር፣ ልጅ ያዘለች እናት። መጀመሪያ የተተኮሰው በእነሱ ላይ ነው። ከዚያ በፋሽስት ፓርቲው ጸሐፊ በኮርቴዜ ፈቃድ ጥቁር ሸሚዞቹ ቤንዚንና ዱላ፣ ቢላዋና ቦምብ ይዘው ወደ ሰፈሮቹ ወጡ። ሦስት ቀን።

ከእማማ ቤት ጎን አንድ ዓይነ ስውር ይኖሩ ነበር፤ አንድ የጎረቤት ልጅ እየመራቸው ሁለቱን ብር ሊቀበሉ ወጡ። አልተመለሱም። እማማ የሰውየውን ስም ታውቀው ነበር፤ ለእኔም ነግራኛለች፤ አልረሳሁትም። የልጁ ስም ግን ጠፋባት። እርጅና ሲጫናት ዘወትር የምታነሳው ይህንኑ ነበር። «ምን ነበር ስሙ? ምን ነበር?» ትላለች። ስለተቃጠለው ቤታቸው አንድም ቀን ስታለቅስ አላየሁም፤ ስለዚያ ስም ግን ስታለቅስ አይቻለሁ።

ቤታቸው የነደደው ሌሊቱን ነው። ሣር ክዳን አንድ ጠርሙስ ቤንዚን ይበቃዋል። እናትና ልጅ በጓሮ ወጥተው አንድ የአርመን ነጋዴ ግቢ ገቡ፤ ሰውዬው በሩን ዘግቶ ሁለት ቀን አቆያቸው። በዚያ ሰሞን ጎረቤታቸውን የደበቁ አርመኖች፣ ግሪኮች፣ ጥቂት ጣሊያኖችም ነበሩ፤ እነሱም መጻፍ አለባቸው። ከዚያ በኋላ እማማ ዕድሜዋን ሙሉ ሁለት ነገር አልተወችም። ገንቦ ሙሉ ውሃ በሩ አጠገብ ሳታስቀምጥ አትተኛም፤ ቧንቧ ከገባልን በኋላም ቢሆን። ሣር ክዳን ቤት ውስጥም አታድርም፤ ገጠር ለሠርግ ሄዳ ቆርቆሮ ቤት ፍለጋ ሌሊት ስትዞር ዘመድ ተቀይሟት ያውቃል። ማብራሪያ አልሰጠችም፤ «ያፍነኛል» ብቻ ነው ያለችው።

መንግሥታችን በአዲስ አበባው ጭፍጨፋ 30,000 ሰው አለቀ አለ። ኢያን ካምቤል የተባለው ተመራማሪ ለዓመታት መርምሮ ወደ 19,000 ገመተ። በየዓመቱ በዚህ ቁጥር እንከራከራለን። ቁጥሩን ተዉትና ስንት ስም አላችሁ? ሐውልቱ ስድስት ኪሎ ላይ ቆሟል፤ ግሩም ሐውልት ነው፤ በየዓመቱ የአበባ ጉንጉን ይቀመጥበታል። እኔ አንድ ስም አለኝ። በየትኛው መዝገብ ላስፍረው? ለማንስ ነው የምነግረው?

ከዚያ ዓርብ በኋላ ጠላ ቤቱ ዘፈን አጣ። ይህን በማስተምርባቸው መጻሕፍት አግኝቼው አላውቅም፤ በታሪክ ምርምር ግን የተረጋገጠ ነው። ግራዚያኒ አዝማሪዎች፣ ጠንቋዮችና ባሕታውያን እየተያዙ እንዲረሸኑ አዘዘ። ጥፋታቸው የጣሊያን መንግሥት ሊያልፍ ነው እያሉ ወሬ መንዛታቸው ነበር። አስቡት፤ የአየር ኃይልና የመርዝ ጋዝ ያለው መንግሥት መሲንቆ ፈራ! እነ እማማ ቤት ማታ ማታ የሚመጣ አንድ አዝማሪ ነበረ፤ ከመጋቢት በኋላ አልመጣም። ተይዞ ይሁን ሸሽቶ ማንም አላወቀም፤ መጠየቅም የሚያስጠይቅ ነበርና ማንም አልጠየቀም። ቅኔ ለበስ አነጋገር የምንወድ ሰዎች ነን፤ ሰምና ወርቅ ነፍስ ያጠፋበት ዘመን ነበር ብዬ ሳስተምር ተማሪዎቼ ያኔ ቀና ይላሉ።

በዚያው ዓመት በግንቦት የደብረ ሊባኖስ ገዳም ጭፍጨፋ ሆነ። ለተክለ ሃይማኖት በዓል የተሰበሰበ መነኩሴ፣ ዲያቆን፣ ተሳላሚ። ይኼኛው በተሻለ ይታወቃልና አልቆይበትም። ሶማሊያ ውስጥ ወደ ዳናኔ፣ ዳህላክ ላይ ወደ ኖኩራ ስለተጋዙትም እንዲሁ። የእነሱ ቤተሰብ ግን እዚህ ነበር፤ «ሞቷል» ብሎ ተስካር እንዳያወጣ ወሬ የለው፣ «አለ» ብሎ እንዳይጠብቅ ደብዳቤ የለው። በሐዘንና በተስፋ መካከል ማቅ ለብሶ አራት ዓመት መቀመጥም የጦርነት ጉዳት ነው።

የአባቴ ወገኖች መንዞች ናቸው፤ የገጠሩን ከእነሱ ሰምቻለሁ። ከተማው ፈራ፤ ገጠሩ ግን በሁለት በኩል ገበረ። ቀን ሰላቶና ባንዳ መጥቶ «ሽፍታ ታበላለህ» ብሎ በሬውን ይነዳል፤ ሌሊት ዱር ቤቴ ያለው መጥቶ «ለጠላት ገበርህ» ብሎ እህሉን ይጭናል። አርበኛውም ያለ እህል አይዋጋም፤ እህሉ ግን የአንድ ሰው ጎተራ ነው። አጎቴ ይህን ሲያወራ አርበኛን ሊሰድብ አልነበረም፤ የገዛ ወንድሙ አርበኛ ነበር። «ጎተራው ግን አንድ ነበር» ይላል፤ ከዚህ አያልፍም። ሚያዝያ 1931 ላይ ደግሞ ዘረት ዋሻ ሆነ። የአበበ አረጋይን ጦር ተከትለው የወጡ ቁስለኞች፣ ሴቶች፣ ልጆችና ሽማግሌዎች ዋሻው ውስጥ ተከበቡ፤ ጣሊያን የመርዝ ጋዝ አስገባባቸው። ማቴዎ ዶሚኒዮኒ የሚባል ጣሊያናዊ የታሪክ ሰው ሰነዱን አግኝቶ ዋሻው ድረስ እስኪመጣ ብዙዎቻችን ሰምተነው አናውቅም ነበር። የአካባቢው ሰው ያውቅ ነበር። የጠየቀው አልነበረም።

ጠይቀን የማናውቀው እኛ ነን፤ ሌላው ግን ረስቶ አልተቀመጠም። ግራዚያኒ በኢትዮጵያ ለሠራው አንድ ቀን ለፍርድ አልቀረበም፤ በኋላ የተፈረደበት ከጀርመን ጋር በመተባበሩ ነው፤ ያንንም ጥቂት ወር ታስሮ ወጣ። በ2004 ዓ.ም. አፊሌ በምትባል የጣሊያን ከተማ መታሰቢያ ተሠራለት። እኛ በትክክል ተቆጣን። እነሱ ለገዳዩ ድንጋይ ሲያቆሙ እኛ ለሟቹ ወረቀት እንኳ አላዘጋጀንም ነበር።

እዚህ ላይ ቅሬታዬን ልናገር። የእማማ ታላቅ ወንድም ቤታቸው ከተቃጠለ በኋላ ሥራ ፍለጋ ወጥቶ ወደ አስመራ በሚሠራው መንገድ ላይ፣ ጣርማ በር ዋሻው ሲቆፈር፣ ድንጋይ ፈላጭ ሆነ። ያንን ዋሻ ዛሬም ሽማግሌዎች ሙሶሊኒ ይሉታል። ሲሞት በሣጥኑ የተገኘው የሠራተኛ ካርድ ነው። ጣሊያንኛ የተጻፈበት፣ ማኅተም ያለበት፣ ከሥር የአውራ ጣቱ አሻራ። ስሙን በላቲን ፊደል የጻፈው ሰው ገድፎታል፤ ጠርቶ ቢያነበው ኖሮ እሱም ራሱ «አቤት» አይልም። ከአራት ዓመት በፊት ይህን ካርድ ይዤ ቅርስ ይሰበስባል የተባለ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድኩ። ማስታወቂያው በአምስቱ ዓመት ዘመን የነበረ ዕቃ ያለው ሁሉ ያምጣ ይላል። የተቀበለኝ ወጣት ትሑት ነበር፤ ሻይ ሁሉ አዘዘልኝ። ካርዱን አገላብጦ ካየ በኋላ ግን «ጋሼ፣ እኛ የምንሰበስበው የአርበኞችን ነው፤ ሜዳልያ፣ ጎራዴ፣ የጦር ሜዳ ደብዳቤ። ይኼማ ለጣሊያን የሠራ ሰው ካርድ ነው» አለኝ። ቀጥሎ በዝግታ፣ እንደ ምክር፣ «ለስምዎም ጥሩ አይደለም» ሲል ጨመረ።

ልጁን አልወቅሰውም። ያስተማርነው እኛ ነን። ምናልባትም ራሴ አስተምሬው ይሆናል፤ ዕድሜው ይደርሳል።

ግን በምንም መመዘኛ ብትመዝኑት፣ ቤቱ በወራሪ የተቃጠለበት ሰው ለእናቱና ለእህቱ እንጀራ ብሎ ለዚያው ወራሪ ድንጋይ ሲፈልጥ፣ ያ ካርድ ወራሪ ማለት ምን እንደሆነ ከጎራዴው ባልተናነሰ ይናገራል። ጎራዴው የተዋጋውን ሰው ያሳየኛል። ካርዱ ደግሞ ጠዋት ተነስቶ የት እንደሄደ፣ ማን ፊት እንደቆመ፣ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ምን እንደተቀበለ ያሳየኛል። የአርበኛው ክብር የሚጎላውም ዙሪያው ያለው ሰው ምን ያህል እንደተጨነቀ ሲታይ ነው። የውስጥ አርበኛዋ ሸዋረገድ ገድሌ ታስረው፣ ጣሊያን ወዳለችው አሲናራ ደሴት ተግዘው፣ ተመልሰው ደግሞ እንደገና የውስጥ አርበኞችን ሲያደራጁ፣ ጥይትና መድኃኒት የሚያሻግሩት እንደ እማማ ባሉ ፈሪዎች ደጃፍ በኩል ነበር። ከእነዚያ ፈሪዎች ግማሹ አይተው ዝም ባይሉ ኖሮ አንድም ጥይት ከከተማ አይወጣም ነበር። ዝም ማለታቸውን የሚመዘግብ ሜዳልያ የለም።

የምለምናችሁ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም፤ ሐውልትም አልፈልግም። አንድ መዝገብ ክፈቱ። የየካቲት 12 ሟቾችን ስም በየደብሩ፣ በየዕድሩ፣ በየቤተሰቡ እየጠየቃችሁ ጻፉ። ስሙ የጠፋውንም «የጎረቤት ልጅ፣ ዓይነ ስውር ይመራ የነበረ» ብላችሁ ጻፉት፤ እሱም ስም ነው። በየደብሩ የክርስትና መዝገብና የሽማግሌ ትውስታ አለ፤ ያኔ አሥር ዓመቱ የነበረ ልጅ ግን ዛሬ መቶ ዓመት ሊሞላው ነው ወይም አልፎታል፤ የቀረን ጊዜ በወር የሚቆጠር ነው። በመርካቶና በካዛንቺስ ሰሌዳ አቁሙ። መጽሐፍ አዘጋጆችም ከምዕራፉ ሁለት ገጽ ለጠላ ሻጯ፣ ለድንጋይ ፈላጩ፣ ለክልሱ ልጅና ለአዝማሪው ስጡልኝ። ማስታወቂያችሁም ላይ «የአርበኞች» የምትለውን ቃል ሳታወጡ ከጎኗ «የነዋሪዎች» የምትል ጨምሩ፤ ሣጥኑን የዘጋ ሰው ሁሉ ያኔ ይከፍተዋል። ሰው እቤቱ ያለውን ወረቀት የሚያቃጥለው ስለሚያፍርበት ነው። እኔ ራሴ አንድ ቤተሰብ አውቃለሁ፤ አያታቸው በሊሬ ደመወዝ የፈረመበትን ወረቀት ሁሉ ልቅሶው ሳይወጣ እሳት ላይ የጣለ።

ተማሪዬ ለጠየቀችኝ ጥያቄ እስካሁን መልስ አልሰጠኋትም። ዘንድሮ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ናት፤ በሰኔ ትወጣለች።

ካርዱ ቤቴ ነው፤ በላስቲክ ጠቅልዬ ከእማማ መቁጠሪያ ጋር አስቀምጬዋለሁ። የዓይነ ስውሩን ሰው ስምም በጀርባው በእርሳስ ጽፌበታለሁ፤ እኔ ብሞት እንዳይጠፋ። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሰዓት በኋላ ክፍለ ጊዜ የለኝም። በየትኛው ቢሮ፣ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ ብቻ ንገሩኝ፤ ይዤ እመጣለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣

አንድ የታሪክ መምህር
አዲስ አበባ